አሌክሳንድሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ዋሺንግተን እና ፕሪንስ የተባሉት ጎዳናዎች በሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ መካከል፣ አንድ የነሐስ ወታደር ከ1889 ጀምሮ ቆሞ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሐውልት ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት ከቆመው የደቡብ ጦር ጎን ተሰልፈው የሞቱ የከተማዋን ልጆች ለማሰብ የተተከለ። በ2016 ከንቲባዋና ስድስቱ የምክር ቤት አባላት ከመንገዱ መካከል ይነሳ ብለው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ሰባቱም አንድ ቃል ሆነው ሳለ ወታደሩ ንቅንቅ አላለም። በ1890 የስቴቱ ሕግ አውጪ ሐውልቱ ከቦታው እንዳይነሳ ደንግጎ ስለነበር፣ ጎዳናውን የምታስተዳድረው ከተማ በጎዳናው መካከል በቆመው ነገር ላይ ሥልጣን አልነበራትም። ሕግ አውጪው የሚሰበሰብባት የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሕጉን ለውጣ ለከተሞች ፈቃድ የሰጠችው በ2020 ነው። ፈቃዱ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ሊውል ወር ያህል ሲቀረው ደግሞ የሐውልቱ ባለቤት የሆነው ማኅበር ጁን 2 ቀን ራሱ ነቅሎ ወሰደው።

በዚያው የ2016 ውሳኔ ሌላም ነገር ነበር። የደቡቡን አማፂ መንግሥት የመራውን የጄፈርሰን ዴቪስን ስም የያዘው አውራ ጎዳና ስሙ ይለወጥ ተባለ። ይህን ከተማዋ በገዛ ሥልጣኗ አደረገችው፤ ከጃንዋሪ 1፣ 2019 ጀምሮ መንገዱ ሪችመንድ ሃይዌይ ሆነ። የዚሁ መንገድ ቅጥያ በሚያልፍባት በጎረቤቷ በአርሊንግተን ግን ስሙን ለመለወጥ የስቴቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ አርሊንግተን በሕግ ዓይን ካውንቲ ናትና። አንድ ጎዳና፣ አንድ ስም፣ ሁለት ዓይነት ሥልጣን። በቨርጂኒያ የትኛው ነገር የከተማ፣ የትኛው የስቴት እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ ሕጉን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የከተማ መስተዳድር ውስጥ በየዓመቱ ይህን ገልጦ የማየት፣ ሊመጣ ያለውንም ሕግ አስቀድሞ የመመርመር ሥራ አለ። ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ቆሻሻ መኪናው ሁሉም ያወራል፤ ይህን ሥራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከተማ ስቴቱን ፈቃድ የምትጠይቅበት ነገር የሚጀምረው ከቨርጂኒያ ሩቅ፣ በአይዋ ስቴት ነው። በ1868 የክሊንተን ከተማ አንድ የባቡር ኩባንያ በጎዳናዎቿ ላይ ሐዲድ እንዳይዘረጋ ልትከለክል ሞክራ ጉዳዩ ለስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ጆን ዲሎን ይባላል። ከተማ የሕግ አውጪው ፍጡር ናት፤ የፈጠራት ሊያሰፋት፣ ሊያጠባት፣ ሊያፈርሳትም ይችላል ሲል ፈረደ። በ1872 ሐሳቡን በትልቅ መጽሐፍ አስፋፋው፤ የዲሎን ደንብ የሚባለውም ከዚያ ወጣ። በደንቡ መሠረት ከተማ ያላት ሥልጣን በግልጽ የተሰጣት፣ ከተሰጣት በቀጥታ የሚከተለው፣ ወይም ያለ እሱ ከተማ ልትሆን የማትችልበት ብቻ ነው። ጥርጣሬ ከተነሳ ጥርጣሬው በከተማዋ ላይ ይፈረዳል። (ዲሎን ኋላ የዳኝነቱን ወንበር ትቶ የትልቅ ባቡር ኩባንያ ጠበቃ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።) በ1907 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከፒትስበርግ በመጣ ክርክር ከተሞች የስቴቱ ክፋይ ናቸው የሚለውን ሐሳብ አጸናው።

ብዙ ስቴቶች ኋላ ላይ ደንቡን አላልተውታል። ሚዙሪ ገና በ1875፣ ካሊፎርኒያ በ1879 ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር እንዲጽፉ በሕገ መንግሥታቸው ፈቀዱ። ቨርጂኒያ ደንቡን በ1896 በፍርድ ቤት ተቀብላ እስካሁን አጥብቃ ይዛዋለች። በ1969 ሕገ መንግሥቱን እንዲያድስ የተሰየመው ኮሚሽን ደንቡ ይገልበጥ፣ ከተሞች ያልተከለከሉትን ሁሉ ያድርጉ ብሎ ነበር፤ ሕግ አውጪው ይህን ምክር ጣለው። ስለዚህ 160 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት አሌክሳንድሪያ እንደ ተከራይ ናት፦ ቤቱን ታጸዳለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ መብራትና ውሃ ትከፍላለች፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር ለመምታት ግን አከራዩን መጠየቅ አለባት። ቻርተሯ እንኳ የስቴቱ ሕግ ነው፤ ማሻሻል ስትፈልግ ረቂቁ ሪችመንድ ሄዶ ድምፅ ይሰጥበታል።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያሉት የዋሺንግተን ዲሲ ሰዎች ይህን ሰምተው ቢስቁ አይፈረድባቸውም፤ የእነሱ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ የሚገመግመው ኮንግረስ ነው። አሌክሳንድሪያም በአንድ ወቅት የዲሲ አካል ነበረች። ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰችው በ1846 ኮንግረስ ፈቅዶ፣ በማግስቱ ዓመት ቨርጂኒያ ስትቀበላት ነው። እዚያው ቀርታ ቢሆን ዛሬ ፈቃድ የምትጠይቀው ሌላ ደጅ ነበር።

የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ 40 ሴናተሮችና 100 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አሉት፤ ሙሉ ዓመት አይቀመጥም። የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ ለእኛ ሰው ለማስታወስ ይቀላል፣ ምንጊዜም ከገና በኋላ ከጥምቀት በፊት ይውላል። ዓመቱ ሙሉ ቁጥር ከሆነ 60 ቀን፣ ጎዶሎ ከሆነ ሕገ መንግሥቱ የሚለው 30 ቀን ሲሆን እንደ ልማድ ወደ 46 ይራዘማል። በዚች አጭር ጊዜ ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ረቂቆች ይጎርፋሉ። ስለዚህ የከተማዋ ዝግጅት ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሉት ወራት ይጀምራል። ከምክር ቤቱ ሁለት አባላት የሚቀመጡበት ንዑስ ኮሚቴ አለ፤ የሕግ ጉዳዮችን የሚከታተል ኃላፊም አለ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት፣ ፖሊሱም፣ ፕላኑም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ከሪችመንድ የሚፈልገውንና የሚፈራውን ይጽፋል። ይህ ተጣርቶ የከተማዋ የሕግ ጥያቄዎች ዝርዝር ይሆናል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቀውና ከተማዋን ወክለው ሪችመንድ ለሚቀመጡት ሰዎች ይሰጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የከተማውን ጠረጴዛ ከዚህኛውም ወገን ያውቁታል፤ ኤልዛቤት ቤኔት-ፓርከር እስከ 2021 የአሌክሳንድሪያ ምክትል ከንቲባ ነበሩ፣ በ2022 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ገቡ።

ጉባኤው ሲከፈት ሥራው ንባብ ይሆናል። አንድ ረቂቅ ሲመጣ የከተማዋ ሰዎች ርዕሱን አያምኑም። ስለ ቤት እጥረት ነው የተባለው ረቂቅ ውስጡ የከተማን የግንባታ ደንብ የሚሽር ሊሆን ይችላል፤ ስለ ንግድ ማበረታቻ ነው የተባለው ከከተማዋ ካዝና ግብር የሚቀንስ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ይመሳሰላሉ። ፈቃድ ነው ወይስ ግዴታ? ግዴታ ከሆነ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ዛሬ ያለንን ሥልጣን ይነካል? ቀኑ የሚደረስበት ነው? ረቂቁ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ረቂቁ ኮሚቴ ፊት ለመቅረብ ቀጠሮ ተይዞለታል። ከዚያ ከተማዋ አቋም ትይዛለች፦ መደገፍ፣ መቃወም፣ ይህ ይስተካከል ማለት፣ ወይም ዝም ብሎ መከታተል። ለከተሞች የሚያስወጣውን ወጪ የሚገምት የስቴት ኮሚሽንም አለ፤ ግምቱን የሚሠራው ግን በፈቃደኝነት ቁጥር በሚልኩለት የከተማና የካውንቲ ሠራተኞች ነው። ሸክሙን ራሱ ተሸካሚው እንዲመዝን ይደረጋል ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። ግን በጃንዋሪ የአንድን ትንሽ ከተማ የሒሳብ ሹም ጠረጴዛ ማየት አልመኝም።

ሐበሻ አንባቢ ይህን ጉዳይ ከምንም በላይ የሚያውቀው በታክሲው በኩል ነው። አሌክሳንድሪያ የታክሲዎቿን ቁጥር፣ ዋጋና አሠራር በከተማ ደንብ ስትቆጣጠር ኖራለች፤ መሪውን ከያዙት መካከል ደግሞ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ኡበርና ሊፍት ሲመጡ የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት በጁን 2014 ሥራ አቁሙ አላቸው፤ በኦገስት ጊዜያዊ ስምምነት ተደረገ፤ በ2015 ሕግ ወጣ። ከጁላይ 1፣ 2015 ጀምሮ የእነዚህ ድርጅቶች ቁጥጥር የስቴቱ ሆነ፣ ከተሞች እጃቸውን እንዲሰበስቡ ተደረገ። እንግዲህ አንድ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ይሄዳሉ፤ አንዱን የከተማው ደንብ ያዘዋል፣ ሌላውን ከተማው ሊነካው አይችልም። ታክሲ ነጂው ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ «ሕጉን እኩል አድርጉልን» ቢል ጥያቄው ትክክል ነው፣ ደጁ ግን የተሳሳተ ነው። ምክር ቤቱ የሚችለው የታክሲውን ሸክም ማቅለል ብቻ ነበር። ያንን ረቂቅ መከራከር የሚቻለው በ2015 መጀመሪያ፣ ሪችመንድ ኮሚቴ ውስጥ ሳለ ነበር።

የቤት ኪራይም እንዲሁ ነው። በዌስት ኤንድ በኩል፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሳውዘርን ታወርስና በአካባቢው ሕንፃዎች፣ ኪራይ ሲጨምር ሰው ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። በቨርጂኒያ ከተማ የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ እንድታበጅ ሥልጣን የሰጣት ሕግ አልነበረም፤ ያልተሰጠው ደግሞ በዲሎን ደንብ የተከለከለ ነው። በ2023ም በ2024ም ይህን ለከተሞች የሚፈቅዱ ረቂቆች ቀርበው ሕግ ሳይሆኑ ቀርተዋል። ረቂቆቹ ጣሪያ አያስቀምጡም፤ ጣሪያ ማስቀመጥ የሚፈልግ ከተማ ካለ ያስቀምጥ ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲወድቅ፣ የኪራይ ጣሪያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ክርክር በከተማዋ ውስጥ ሊደረግ እንኳ አይችልም። እኔ ዲሎንን የምወቅሰው በዚህ ነው። ከተማዋ ውሳኔዋ ቢሳሳት ትሳሳት፤ ጥያቄው እንኳ ወደ ጠረጴዛዋ አለመምጣቱ ግን ነዋሪውን ተሳዳቢ እንጂ ተከራካሪ አያደርገውም።

በ2020 በሩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ዴሞክራቶች ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ ክፍተት በኋላ ሁለቱንም ምክር ቤቶችና የገቨርነሩን ወንበር አንድ ላይ ይዘው ስለነበር ለከተሞች የሚሰጠው ፈቃድ ተከታተለ። ስለ ሐውልቱ ተናግሬያለሁ። በፕላስቲክ ከረጢት ላይ 5 ሳንቲም ማስከፈል ተፈቀደ፤ አሌክሳንድሪያ ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ታስከፍላለች። በመናፈሻና በከተማ ሕንፃዎች የጦር መሣሪያ መያዝን መከልከል ተፈቀደ፤ ከተማዋ በዚያው ዓመት ከለከለች። የፍጥነት ካሜራ በትምህርት ቤት አካባቢ ተፈቀደ። የከተማ ሠራተኞች ከቀጣሪያቸው ጋር በማኅበር እንዲደራደሩ መፍቀድም እንዲሁ፤ ይህን የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 ያገደው ሕግ አውጪው አልፈቀደም ብሎ ነበር። አሌክሳንድሪያ አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በአፕሪል 2021 ደንቧን አውጥታ በስቴቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ስለቆየ ነው ፍጥነቱ የመጣው።

እስካሁን ያልኩት ሪችመንድን ክፉ፣ ከተማዋን ተበዳይ ሊያስመስል ይችላል። የፍሳሹ ነገር ይህን ያፈርሰዋል። በአሮጌው የከተማዋ ክፍል የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። ዝናብ ሲበረታ ቱቦው ሞልቶ በአራት አፎች ወደ ፖቶማክና ወደ ገባሮቹ ይተፋ ነበር፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ጋሎን በላይ። ከተማዋ እቅድ ነበራት፣ ግን ዝግ ያለ እቅድ፤ ወደ ፖቶማክ በቀጥታ የሚተፋውን አፍ ለኋላ ያስቀመጠ። በ2017 ሕግ አውጪው አራቱም እስከ ጁላይ 1፣ 2025 ይስተካከሉ ብሎ ደነገገ። የከተማዋ ሰዎች ቀኑ የማይደረስበት ነው፣ ወጪውም የነዋሪውን የፍሳሽ ሒሳብ ያንራል ብለው ተቃወሙ። ሕጉ አለፈ፤ በከተማዋ ሥር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ተቆፈረ፤ የሥራው ዋጋ ወደ 615 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ቆፋሪዋ ማሽን እንኳ በሕዝብ ምርጫ ሄዘል የሚል ስም ወጥቶላታል። የወጪው ቅሬታ እውነት ነበር። ወንዙ ግን የአሌክሳንድሪያ ብቻ አይደለም፤ ከታች ያሉት ሰዎች በአሌክሳንድሪያ ምክር ቤት ድምፅ የላቸውም። «የአካባቢ ሥልጣን ይከበር» የሚለው ቃል ሲነገር፣ ሥልጣኑ ምን ለማድረግ እንደተፈለገ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ከተማዋ የምትፈልገው ነገር በራሷ ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት ሪችመንድ ላይ ይሞታል። በዲሴምበር 2023 ገቨርነር ግሌን ያንኪን የዋሺንግተን የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ቡድኖች በአሌክሳንድሪያ ፖቶማክ ያርድ ወደሚሠራ አዲስ አዳራሽ እንደሚዛወሩ አስታወቁ፤ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ እቅድ ነበር። የከተማዋ ነዋሪ ለሁለት ተከፈለ፤ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ሜትሮ ጣቢያው፣ ስለ ገንዘቡ ክርክሩ ጦፈ። እቅዱን ለማስፈጸም ግን አዲስ የስቴት ባለሥልጣን የሚያቋቁም ሕግ ያስፈልግ ነበር። የሴኔቱን የገንዘብ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ሴናተር ሉዊዝ ሉካስ ረቂቁን ኮሚቴያቸው ውስጥ አላሳልፍ አሉ። ማርች 27፣ 2024 ከተማዋ ድርድሩ ማብቃቱን አስታወቀች። የአሌክሳንድሪያ ምክር ቤት በእቅዱ ላይ የመጨረሻ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ተቃዋሚው ደስ አለው፣ ደጋፊው አዘነ፤ የሁለቱንም ጉዳይ የወሰኑት ከመራጮቻቸው መካከል አንድም አሌክሳንድሪያዊ የሌላቸው ሴናተር ናቸው።

ሪችመንድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከተሞችን የሚመለከቱ ረቂቆች በተወካዮች ምክር ቤት በኩል የካውንቲዎች፣ የከተሞችና የትናንሽ ከተሞች ኮሚቴ፣ በሴኔት በኩል የአካባቢ አስተዳደር ኮሚቴ ዘንድ ይቀርባሉ። ስብሰባው አንዳንዴ በማለዳ ነው፣ ተናጋሪውም ብዙ ነው፤ የከተማዋ ተወካይ ያዘጋጀው አሥር ገጽ ቢሆንም የሚነገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። ረቂቅ በግልጽ «አይሆንም» ተብሎ ሲወድቅ ማየት ብርቅ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ይለፍ፣ ለሚመጣው ዓመት ይቆይ እየተባለ በጨዋ ቋንቋ ይቀበራል። በጉባኤው አጋማሽ አንዱ ምክር ቤት የራሱን ረቂቆች ጨርሶ ለሌላው የሚያሻግርበት ቀን አለ፤ እስከዚያ ያልተሻገረ አበቃለት። ጉባኤው ከተዘጋ በኋላ ገቨርነሩ 30 ቀን አላቸው፤ ማጽደቅ፣ መሻር ወይም ማሻሻያ መላክ ይችላሉ። በአፕሪል ሕግ አውጪው ስለ ሽረቱና ስለ ማሻሻያው አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ሽረትን ለመሻር ከሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ያለፈው አብዛኛው ሕግ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የከተማዋ ሥራ የተሸነፈችበትንም ሕግ መፈጸም ነው። በ2025 የጸደቀ አንድ ሕግ ምሳሌ ይሁን፦ የመሬት ክፍፍልና የግንባታ ቦታ ፕላንን በሕጉ መሠረት መሆኑን አይቶ የማጽደቁን ሥራ ከፕላን ኮሚሽኖች ወስዶ ከተማዋ ለምትሰይመው ሠራተኛ ብቻ ሰጠ። ደጋፊዎቹ የቤት ግንባታ ይፋጠናል ይላሉ፣ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም፤ የሚዘገይ ፕላን ሁሉ ወደ ኪራይ ይገባል። ጎረቤቱ ግን ኮሚሽኑ ፊት ቆሞ የሚናገርበት አንድ አጋጣሚ ቀነሰበት። ከተሞች ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ደንባቸውን ማስተካከል ነበረባቸው፤ የወደደውም ያልወደደውም።

ነዋሪው የሚገባበት በር ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ዝርዝሩ ገና በእርሳስ ሳለ። ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ከተማዋ ከነዋሪዎቿ ጋር ከምትጽፍባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ማንበብ ይቻላል። እዚያ ቆሞ «ኪራይ ቀንሱልን» የሚል ሰው ሐዘኔታ ያገኛል። «ጭማሪውን የመገደብ ሥልጣን በዘንድሮው የሪችመንድ ዝርዝራችሁ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ አስገቡት» የሚለው ግን አዎ ወይም አይደለም ተብሎ ሊመለስለት ይገባል፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።